የመጀመሪያ ድረ ገጽን በሴማንቲክ ኤችቲኤምኤል መሥራት፦ ከባዶ ፋይል እስከ ፍተሻ

የጀማሪዎች ድረ ገጽ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው፣ ገጹ ለዓይን አምሮ ሳለ ኮዱ ሲከፈት ከላይ እስከ ታች ዲቭ በዲቭ ሆኖ መገኘቱ ነው፤ ታግ የገጹን ክፍል ምንነት ለብራውዘሩ የሚነግር የኮድ ምልክት ሲሆን፣ ዲቭ ትርጉም የሌለው መጠቅለያ ታግ ነው። ሁለተኛው የሚመጣው የመጀመሪያውን ለማረም ሲሞከር ነው፤ «ዲቭ አታብዛ» የሚል ምክር የሰማ ተማሪ በኤዲተሩ «ፈልግና ተካ» ትዕዛዝ ዲቩን ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ሴክሽን፣ ማለትም የገጽ ክፍልን ወደሚያመለክተው ታግ፣ ይለውጥና ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ነገር ግን ስም ያልተሰጠውና ርዕስ የሌለው ሴክሽን ለስክሪን አንባቢ፣ ማለትም ገጹን ለዓይነ ስውራን በድምፅ ለሚያነበው ፕሮግራም፣ ከዲቭ አይለይም። ድካሙ ያተረፈው የታግ ስም መቀየር ብቻ ነው።

በዚህ መመሪያ የባህል ልብስ የሚሸጥን አንድ ትንሽ ሱቅ እንደ ምሳሌ ወስደን ባለ አንድ ገጽ ድረ ገጽ እንሠራለን። ገጹ የሱቁ ስም፣ ማውጫ፣ ስለ ሱቁ አጭር መግለጫ፣ የዘመን መለወጫ ማስታወቂያ፣ የልብስ ፎቶ፣ የዋጋ ሰንጠረዥ፣ የማዘዣ ፎርም፣ የሥራ ሰዓትና አድራሻ ይኖረዋል። በየደረጃው የምትጠይቁት ጥያቄ «ይህ ነገር ምንድን ነው?» የሚለው ብቻ ይሁን። ሴማንቲክ ኤችቲኤምኤል ማለትም ይኸው ነው፦ እያንዳንዱን ነገር ምንነቱን በሚናገር ታግ መጻፍ። «ምን ይመስላል?» የሚለው ጥያቄ የገጹን መልክ የሚወስነው ቋንቋ፣ የሲኤስኤስ፣ ስለሆነ እስከ ደረጃ 9 ድረስ አታንሡት።

አንድ ማሳሰቢያ፦ የታጎችንና የአትሪቢዩቶችን (በመክፈቻ ታግ ውስጥ የሚጻፉ ተጨማሪ መረጃዎች) ስም እዚህ በአነባበባቸው በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ። በፋይላችሁ ውስጥ ግን እንደተለመደው በላቲን ትንንሽ ሆሄያት መጻፍ አለባቸው።

ደረጃ 1፦ ኮድ ከመንካታችሁ በፊት ይዘቱን ጻፉ

ወረቀት ወይም ተራ የጽሑፍ ፋይል ክፈቱና በገጹ ላይ የሚነበበውን ሁሉ ከላይ ወደ ታች በቅደም ተከተል ጻፉ። ቀለም፣ ዓምድና ሳጥን አታስቡ። ከጻፋችሁ በኋላ ጽሑፉን ገጹን ላላየ ሰው በስልክ የምታነቡለት መስሎ ይታያችሁ፤ ሰሚው «አሁን ስለ ምንድን ነው የምታወራው?» ብሎ ሊያቋርጣችሁ የሚችልበት ቦታ ሁሉ ርዕስ የሚያስፈልገው ቦታ ነው።

ከዚያ በየክፍሉ ጎን በአማርኛ ምንነቱን መዝግቡ፦ «ማውጫ»፣ «ማስታወቂያ»፣ «ዝርዝር»፣ «ሰንጠረዥ»፣ «ቀን»፣ «የፎቶ መግለጫ»። የታግ ስም ገና አትጻፉ። ይህን ደረጃ የሚዘሉት ብዙዎች ናቸው፤ በኋላ ደረጃ 5 ላይ ሴክሽንንና አርቲክልን መለየት የሚያቅታቸውም እነርሱ ናቸው።

ደረጃ 2፦ ፋይሉን በትክክል ክፈቱ

በቪኤስ ኮድ፣ ማለትም በኮድ መጻፊያው ፕሮግራም፣ አዲስ የኤችቲኤምኤል ፋይል ከፍታችሁ ቃለ አጋኖ ጽፋችሁ ታብ ስትጫኑ የገጹ መነሻ ኮድ በራሱ ይመጣል። ምቹ ነው፤ ነገር ግን በውስጡ ለእናንተ የማይሆኑ ሁለት ነገሮችን ይዞ ይመጣል።

1. በኤችቲኤምኤል መክፈቻ ታግ ላይ ያለው የ«ላንግ» አትሪቢዩት ዋጋ እንግሊዝኛ ይላል። ገጻችሁ በአማርኛ ከሆነ «ኢ ኤን» የሚሉትን ሁለት ፊደላት አጥፍታችሁ «ኤ ኤም» በሚሉት ተኩ። ስክሪን አንባቢ የሚያነብበትን ድምፅ የሚመርጠው ከዚህ ነው፤ እንግሊዝኛ ነው የተባለ አማርኛ ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ድምፅ ሲነበብ ሊሰማ የሚችለው ነገር የለም። በገጹ መካከል የሌላ ቋንቋ ዓረፍተ ነገር ካለ፣ ለእርሱ ብቻ የራሱን «ላንግ» በያዘው ታግ ላይ ስጡት።
2. «ታይትል» ውስጥ «ሰነድ» የሚል ትርጉም ያለው የእንግሊዝኛ ቃል ተቀምጧል። ሳይቀየር ኢንተርኔት ላይ የወጣ ገጽ ስንት እንደሆነ የሚያስገርም ነው። በቦታው የሱቁን ስምና የሚሸጠውን ነገር ጻፉ፦ የብራውዘሩ ትር፣ የፍለጋ ውጤትና ስክሪን አንባቢ መጀመሪያ የሚያነሡት ይህንኑ ነው።

የፊደላቱን አቀማመጥ ለብራውዘሩ የሚናገረው የ«ቻርሴት» መስመር መኖሩን፣ ዋጋውም ዩቲኤፍ-8 መሆኑን አረጋግጡና ከ«ሄድ» መክፈቻ ቀጥሎ የመጀመሪያው መስመር አድርጉት። የኤችቲኤምኤል ደንብ ይህ መስመር በፋይሉ የመጀመሪያ 1024 ባይት ውስጥ እንዲገኝ ያዛል።

*ፊደሉ ከተበላሸ።* ብራውዘሩ ላይ የምታዩት ብልሽት መልክ የችግሩን ቦታ ይነግራችኋልና በቅድሚያ መልኩን ለዩ።

- በፊደላቱ ምትክ እንግዳ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ቅልቅል ከመጣ፣ ፋይሉ ደኅና ነው፤ ብራውዘሩ ግን በተሳሳተ አቀራረብ እያነበበው ነው። የ«ቻርሴት» መስመሩን አስተካክሉ።
- ባዶ ሳጥኖች ከመጡ ኮዱም ፋይሉም ደኅና ናቸው፤ የጎደለው የኢትዮጵያ ፊደል ያለው ፎንት ነው። እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያለ ፎንት በሲኤስኤስ አያይዙ።
- ጽሑፉ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ከሆነ ፋይሉ ዩቲኤፍ-8 ባልሆነ አቀማመጥ፣ ለምሳሌ በኖትፓድ «አንሲ» ምርጫ፣ ተቀምጧል። በዚህ ጊዜ ፊደላቱ ከፋይሉ ጠፍተዋል፤ የትኛውም ማስተካከያ አይመልሳቸውም። በደረጃ 1 የጻፋችሁትን ጽሑፍ መልሳችሁ ለጥፉና ስታስቀምጡ ዩቲኤፍ-8 ምረጡ።

ደረጃ 3፦ ርዕሶቹን አስቀድማችሁ አስገቡ

በ«ቦዲ» ውስጥ በመጀመሪያ የሚገቡት ርዕሶች ብቻ ናቸው። ሌላው ሁሉ ይቆይ። የገጹን ዋና ጉዳይ የሚናገረው ኤች1 ይሆናል፤ ለእኛ ምሳሌ እርሱ የሱቁ ስም ነው። «ስለ እኛ»፣ «ማስታወቂያ»፣ «ልብሶችና ዋጋ»፣ «ማዘዣ» ኤች2 ይሆናሉ። በ«ልብሶችና ዋጋ» ሥር «ቀሚስ»፣ «ጋቢ»፣ «ነጠላ» የሚሉ ንዑሳን ርዕሶች ካሉ ኤች3 ይሆናሉ።

የቁጥሩ ትርጉም የፊደል መጠን አይደለም። «ኤች2 በጣም ተለቀብኝ» ብላችሁ ኤች4 የምታደርጉት ከሆነ፣ ርዕስ እየዘለለ ለሚያደምጥ ሰው ሁለት ክፍል እንደጎደለ እየነገራችሁት ነው። መጠኑን በሲኤስኤስ ትቀንሱታላችሁ።

አንዳንድ የቆዩ ትምህርቶች በየሴክሽኑ አዲስ ኤች1 መጀመር እንደሚቻልና ደረጃውን ብራውዘሩ ራሱ እንደሚያሰላው ይናገራሉ። ይህ ስሌት በየትኛውም ብራውዘር በተግባር አልዋለም፤ በ2022 እ.ኤ.አ. ከደንቡም ወጥቷል። በገጹ አንድ ኤች1 ብቻ ይኑር።

ርዕሶቹን ጨርሳችሁ ገጹን በብራውዘር ስትከፍቱ የመጽሐፍ ማውጫ የሚመስል ነገር ማየት አለባችሁ። ማውጫው ብቻውን ተነብቦ ካልገባ ወደ ደረጃ 1 ተመለሱ።

ደረጃ 4፦ ትልልቆቹን ክፍሎች ትከሉ

አሁን ርዕሶቹን በአራቱ ዋና ዋና ታጎች ውስጥ አስገቡ። አቀማመጡ ይህን ይመስላል፦

ቦዲ
— ሄደር፦ የሱቁ ስም (ኤች1)
— — ናቭ፦ የማውጫው ዝርዝር
— ሜን
— — ሴክሽን፦ ስለ እኛ
— — አርቲክል፦ ማስታወቂያ
— — ሴክሽን፦ ልብሶችና ዋጋ
— — ሴክሽን፦ ማዘዣ
— ፉተር፦ የሥራ ሰዓት፣ አድራሻና ስልክ

*ሜን* የገጹ ዋና ይዘት ነው፤ በአንድ ገጽ የሚታይ ሜን ከአንድ አይበልጥም። በየገጹ የሚደጋገመውን ማውጫና ግርጌ በውስጡ አታስገቡ፤ ምክንያቱም ስክሪን አንባቢ የሚጠቀም ሰው ወደ ሜን የሚዘለው የሚደጋገመውን ለማለፍ ነው።

*ናቭ* ለዋና ዋና የማውጫ ሊንኮች ነው። ሁለት ሊንክ በተገናኘ ቁጥር ናቭ አትክፈቱ። ግርጌው ላይ ሁለተኛ ናቭ የግድ ካስፈለገ ሁለቱን ለስክሪን አንባቢ ስም በሚሰጠው በ«አሪያ-ሌብል» አትሪቢዩት ለዩዋቸው፤ አንዱን «ዋና»፣ ሌላውን «የግርጌ» በሉ። ማውጫ መሆኑን ስክሪን አንባቢው ራሱ ስለሚናገር ቃሉን አትድገሙት።

*ሄደርና ፉተር* የገጹ ራስና ግርጌ ተብለው የሚታወቁት በቀጥታ በቦዲ ሥር ሲሆኑ ነው። በአርቲክል ውስጥም ሊገቡ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ግን የዚያ አርቲክል ራስና ግርጌ ብቻ ናቸው። እዚህ ላይ «ሄደር»ን ከ«ሄድ» ጋር አታምታቱ፦ ሄድ ከቦዲ በፊት ያለ፣ ለተመልካች የማይታይ ክፍል ነው።

ደረጃ 5፦ ሴክሽን፣ አርቲክል፣ አሳይድ ወይስ ዲቭ?

ጀማሪዎች በብዛት የሚወድቁት እዚህ ነው። እነዚህን ጥያቄዎች በቅደም ተከተል ጠይቁ፤ በመጀመሪያው «አዎ» ላይም ቁሙ።

1. ይህ ክፍል ከገጹ ተቆርጦ ብቻውን ለሰው ቢላክ ይገባዋል? አዎ ከሆነ አርቲክል ነው። «የዘመን መለወጫ ትዕዛዝ እስከ ነሐሴ 15 እንቀበላለን» የሚለው ማስታወቂያ በቴሌግራም ተቀድቶ ቢላክ ሙሉ ነው፤ ስለዚህ አርቲክል ይሆናል።
2. የገጹ ጉዳይ አንድ አካል ሆኖ የራሱ ርዕስ አለው? አዎ ከሆነ ሴክሽን ነው። ርዕስ ፈልጋችሁ ካጣችሁለት ሴክሽን አይደለም፤ «ክፍል አንድ» የሚል ርዕስ ፈጥራችሁ አታሟሉ።
3. ቢነሣ ዋናው ነገር የማይጎድል፣ ከጎን የቆመ ማብራሪያ ነው? አዎ ከሆነ አሳይድ ነው፤ «የጥበብ ልብስ እንዴት ይታጠባል» የሚል አጭር ምክር ለዚህ ይሆናል። አሳይድ የሚባለው በይዘቱ እንጂ በስክሪኑ ቀኝ ወይም ግራ ስለተቀመጠ አይደለም።
4. ለሁሉም መልሱ «አይደለም» ከሆነና ነገሮቹን አንድ ላይ የምትጠቀልሉት ለአቀማመጥ ብቻ ከሆነ ዲቭ ነው። ያለ ሐፍረት ተጠቀሙበት። ሦስት ፎቶዎችን በአንድ ረድፍ ለማሰለፍ የሚያቅፍ ሣጥን ትርጉም የለውም፤ ትርጉም ለሌለው ነገር የተሠራው ታግ ደግሞ ዲቭ ነው።

ደረጃ 6፦ በየክፍሉ ያለውን ጽሑፍ ሙሉ

አንቀጽ በ«ፒ» ይገባል። በአንቀጾች መካከል ክፍተት ለመፍጠር «ቢአር» ደጋግማችሁ አትጻፉ፤ ቢአር የግጥም ስንኝ ወይም የአድራሻ መስመር ለመቁረጥ ነው። ቅደም ተከተሉ ለውጥ የማያመጣ ዝርዝር ዩኤል፣ የሚያመጣው ኦኤል ነው፤ በሁለቱም ውስጥ በቀጥታ መግባት የሚችለው ኤልአይ ነው። የማውጫው ሊንኮችም ዝርዝር ናቸው፤ ዩኤል ውስጥ ሲገቡ አድማጩ «አምስት ነገር ያለው ዝርዝር» የሚል መረጃ በቅድሚያ ያገኛል።

ጽኑ ማስጠንቀቂያን ለማመልከት «ስትሮንግ»፣ በንግግር ድምፅ ጫን ተደርጎ ለሚነገር ቃል «ኤም» ተጠቀሙ። ኤም በብራውዘር በዘመመ ፊደል ይታያል፤ የዘመመ ፊደል ግን ለአማርኛ ጽሑፍ ባሕሉም አይደለም፣ መልኩም አያምርም። መፍትሔው ታጉን መተው አይደለም፤ በሲኤስኤስ መዝመሙን አጥፍታችሁ በድምቀት ወይም ከሥር በሚሠመር መስመር ተኩት።

*ቀንና ሰዓት።* እዚህ ላይ ረጋ በሉ፤ በሌላ ቋንቋ የተዘጋጀ ትምህርት የማያነሣው ወጥመድ አለበትና። «ታይም» የተባለው ታግ ሁለት ነገር ይይዛል፦ በመካከሉ ሰው የሚያነበውን ጽሑፍ፣ በ«ዴትታይም» አትሪቢዩቱ ደግሞ ማሽን የሚያነበውን ቀን። ሰው የሚያነበው በፈለጋችሁት አቆጣጠር ሊሆን ይችላል፤ አትሪቢዩቱ ግን የሚቀበለው የጎርጎርዮሳዊውን አቆጣጠር ብቻ ነው፤ አጻጻፉም ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚል ቅደም ተከተል ነው።

ስለዚህ በገጹ ላይ «ነሐሴ 15 ቀን 2018 ዓ.ም.» ብላችሁ ትጽፉና በዴትታይም ውስጥ 2026-08-21 ታስገባላችሁ። 2018-12-15 ብሎ የጻፈ ሰው ወሩን በእኛ ቆጥሮ 12ኛ ማድረጉ ነው፤ ኮዱ ስሕተት ሳይታይበት ያልፋል፤ ትርጉሙ ግን ከዓመታት በፊት ያለፈ የዲሴምበር ቀን ይሆናል። ማረጋገጫ ፕሮግራምም አይይዘውም።

ስትቀይሩ እነዚህን ጠብቁ፦

- ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ልዩነት 7 ዓመት ነው፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ይሆናል።
- መስከረም 1 ብዙ ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ የሚመጣው መስከረም 1 ግን ሴፕቴምበር 12 ነው። የ2018 መስከረም 1 በ2025-09-11 ዋለ፤ የ2020 መስከረም 1 በ2027-09-12 ይውላል። ቀኑን በቃላችሁ ከማስላት በቀን መቁጠሪያ አረጋግጡ።
- በዴትታይም ውስጥ የግእዝ አኃዝ አይሠራም። ለሰው በሚታየው ጽሑፍ ላይ ግን መጠቀም ትችላላችሁ።

ሰዓትም እንዲሁ ነው። «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» የሚለው ለማሽኑ 08:00 ነው እንጂ 02:00 አይደለም። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት ባለው ላይ 6 ደምሩ፤ ከምሽቱ 1 እስከ 5 ሰዓት ባለው ላይ 18 ደምሩ፤ ከሌሊቱ 6 እስከ ንጋት 12 ሰዓት ካለው ላይ 6 ቀንሱ። ሱቁ ከጠዋቱ 2 እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት የሚሠራ ከሆነ 08:00 እና 20:00 ይሆናል ማለት ነው። ደንበኞቹ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ሆነው ለቤተሰብ የሚያዝዙ ከሆነ፣ በሚታየው ጽሑፍ ላይም «በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር» የሚል ቃል ጨምሩ።

*ፎቶ።* መግለጫ ያለውን ፎቶ በ«ፊገር» ውስጥ፣ መግለጫውን በ«ፊግካፕሽን» ውስጥ አስገቡ። የፊግካፕሽን መኖር የ«ኦልት» አትሪቢዩትን አይተካም። ኦልት ፎቶውን ላላየ ሰው የሚታየውን ይናገራል፦ «ደረቱና ጫፉ በአረንጓዴና በወርቃማ ክር የተጠለፈ ነጭ ቀሚስ»። «ፎቶ» ወይም «ምስል 1» ብሎ መጻፍ ምንም አይጨምርም። ለጌጥ ብቻ የገባ ምስል ከሆነ ኦልቱን ባዶ አድርጉት እንጂ ከነጭራሹ አታጥፉት፤ ከጠፋ አንዳንድ ስክሪን አንባቢዎች የፋይሉን ስም ፊደል በፊደል ማንበብ ይጀምራሉ።

*አድራሻ።* «አድሬስ» የተባለው ታግ የገጹ ወይም የአርቲክሉ ባለቤት መገናኛ የሚጻፍበት ነው። ስልኩን ሊንክ አድርጉት፦ የሊንኩን መድረሻ በሚይዘው በኤችሬፍ ውስጥ «ቴል» ከተባለው መነሻና ከሁለት ነጥብ ቀጥሎ +251 ጻፉና መጀመሪያ ላይ ያለውን ዜሮ አንሥታችሁ ቀሪውን ቁጥር አስከትሉ። ዜሮው ካልተነሣ ከውጭ አገር ሲደወል አይገባም።

ደረጃ 7፦ ሰንጠረዡን ሥሩ

ረድፍና ዓምድ ያለው መረጃ ሰንጠረዥ ነው፤ ዋጋ ዝርዝሩ ይህ ነው። «ቴብል» ከፍታችሁ ወዲያው «ካፕሽን» ውስጥ የሰንጠረዡን ስም አስገቡ። የዓምዶቹ ስሞች በ«ቲሄድ» ውስጥ በ«ቲኤች» ይገባሉ፤ «ስኮፕ» አትሪቢዩታቸውም «ኮል» ይሆናል። በየረድፉ መጀመሪያ ያለው የልብሱ ስም ደግሞ ስኮፑ «ሮው» የሆነ ቲኤች ነው። እንዲህ ከሆነ አድማጩ ዋጋው ላይ ሲደርስ ቁጥሩ የጋቢ ይሁን የነጠላ ይነገረዋል።

ሰንጠረዡ በስልክ ስክሪን ከሰፋ ቴብሉን በአንድ ዲቭ አቅፋችሁ ዲቩ ወደ ጎን እንዲንሸራተት አድርጉ። የቴብሉን የራሱን «ዲስፕሌይ» አትለውጡ፤ በአንዳንድ ብራውዘሮች ሰንጠረዥነቱን ያጣል።

ደረጃ 8፦ ሊንክ፣ በተንና ፎርም

ወደ ሌላ ገጽ ወይም ወደ ገጹ ሌላ ክፍል የሚወስድ ነገር ሊንክ ነው፤ ታጉም «ኤ» ነው። እዚያው ሆኖ አንድ ሥራ የሚሠራ፣ ማለትም የሚከፍት፣ የሚልክ ወይም የሚያጠፋ ነገር «በተን» ነው። ዲቭን በጃቫስክሪፕት እንዲጫን ማድረግ በማውዝ ስትሞክሩት ይሠራል፤ በኪቦርድ ግን ታብ አይደርስበትም፣ ኢንተርም አይከፍተውም። በተን እነዚህን ሁሉ ይዞ ይመጣል። በሊንክ ውስጥ በተን፣ በበተን ውስጥም ሊንክ አታስገቡ።

ፎርሙን በዚህ ቅደም ተከተል ሥሩ፦

1. ለእያንዳንዱ ኢንፑት አንድ «ሌብል» ጻፉ፤ የሌብሉ «ፎር» እና የኢንፑቱ «አይዲ» አንድ ዓይነት ይሁኑ። ሌብሉን ስትጫኑ ጠቋሚው ኢንፑቱ ውስጥ ካልገባ ሁለቱ አልተገናኙም። በኢንፑቱ ውስጥ ፈዞ የሚታየው «ፕሌስሆልደር» ሰው መጻፍ ሲጀምር ስለሚጠፋ ሌብልን አይተካም።
2. ለስም አንድ ሣጥን ብቻ፣ «ሙሉ ስም» ብላችሁ አድርጉ። ከውጭ የተቀዱ ፎርሞች የቤተሰብ ስም ይጠይቃሉ፤ የእኛ ሰው የአባቱን ይጻፍ የአያቱን ግራ ይገባዋል፣ ትዕዛዙም በሁለት ስም ይመዘገባል።
3. የስልክ ኢንፑት ዓይነት «ቴል» ይሁን። «ነምበር» ካላችሁት የመጨመሪያና የመቀነሻ ቀስት ይመጣል፤ ወደ ቁጥር ሲለወጥም ፊት ያለው ዜሮ ይጠፋል።
4. «ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ» የሚሉ የመጠን ምርጫዎችን በ«ፊልድሴት» ሰብስቡና ጥያቄውን በ«ሌጀንድ» ጻፉ። ያለዚያ አድማጩ «ትልቅ» የሚል ቃል ብቻ ይሰማል፤ የምን ትልቅ እንደሆነ አያውቅም።
5. በፎርም ውስጥ ያለ በተን ዓይነቱ ካልተነገረው ፎርሙን ይልካል። «ሌላ ልብስ ጨምር» የሚለው በተናችሁ ሲነካ ገጹ እንደገና የሚጫን ከሆነ፣ የበተኑን «ታይፕ» «በተን» ብላችሁ አስተካክሉ።

ደረጃ 9፦ ሲኤስኤስ አልብሱት

እስካሁን የሠራችሁት ገጽ ነጭና ጥቁር፣ ሊንኩ ሰማያዊ፣ ዝርዝሩ ነጠብጣብ ያለበት ነው። ብዙ ጀማሪዎች ይህን አይተው ይደነግጡና ወደ ዲቭ ይመለሳሉ። አትመለሱ፤ የብራውዘሩን መነሻ መልክ በሲኤስኤስ አጥፉት፦ የርዕሶቹን ኅዳግ፣ የዩኤሉን ነጠብጣብ፣ የበተኑን ክፈፍ። መልክ ለመስጠት ክላስ (ለታጉ የምትሰጡት የቡድን ስም) ተጠቀሙ እንጂ ታግ አትቀይሩ።

ሦስት ነገር ተጠንቀቁ። በመጀመሪያ፣ በታብ ስትሄዱ የሚታየውን የ«አውትላይን» ክፈፍ ምትክ ሳታዘጋጁለት አታጥፉ፤ በኪቦርድ የሚሠራ ሰው የት እንዳለ የሚያውቀው በእርሱ ነው። ከናቭ ውጭ ያለ ዝርዝር ነጠብጣቡ ሲጠፋ ደግሞ ሳፋሪ ዝርዝርነቱን ለስክሪን አንባቢው መናገር ይተዋል፤ ዝርዝር መሆኑ አስፈላጊ ከሆነ ለዩኤሉ «ሊስት» የሚል «ሮል» ስጡት። በመጨረሻም፣ በፍሌክስቦክስ፣ ማለትም በሲኤስኤስ የማሰለፊያ ዘዴ፣ ክፍሎችን ወደ ላይና ወደ ታች ማዘዋወር የሚቀይረው ለዓይን የሚታየውን ተራ ነው፤ የታብና የንባብ ተራ እንደ ኮዱ ይቀጥላል። ተራው መቀየር ካለበት ኮዱን ቀይሩ።

ደረጃ 10፦ ፈትሹ

ፍተሻዎቹን በዚህ ተራ አድርጉ፤ አንዱ ሳያልፍ ወደ ሚቀጥለው አትሂዱ።

1. *ያለ ሲኤስኤስ።* በፋየርፎክስ ከ«ቪው» ሜኑ የገጹን ስታይል አጥፉ፤ በሌላ ብራውዘር የሲኤስኤሱን ሊንክ ለጊዜው ኮሜንት (ብራውዘሩ የማያነበው ማስታወሻ) አድርጉ። ገጹ ከደረጃ 1 ጽሑፋችሁ ጋር በተራውም በርዕሱም መመሳሰል አለበት።
2. *በኪቦርድ ብቻ።* ማውዙን አርቁና በታብ ከላይ እስከ ታች ሂዱ፤ ልብስ አዝዛችሁ ፎርሙን ላኩ። ታብ የማይደርስበት ነገር ካለ ደረጃ 8ን ያልጠበቀ ዲቭ ወይም ስፓን (በመስመር ውስጥ የሚገባ ትርጉም የሌለው ታግ) ነው።
3. *በማረጋገጫ።* ኮዳችሁን በደብሊውስሪሲ የኤችቲኤምኤል ማረጋገጫ ገጽ ላይ ለጥፉ። ስሕተቶቹን ከላይ ጀምራችሁ አንድ በአንድ አርሙና እንደገና አስፈትሹ፤ የመጀመሪያው ሲስተካከል ከሥሩ ያሉት በርከት ብለው ይጠፋሉ። መክፈቻ የሌለው የ«ፒ» መዝጊያ አለ የሚል መልእክት ከመጣ፣ በአንቀጽ ውስጥ ዲቭ ወይም ዩኤል አስገብታችኋል፤ ብራውዘሩ አንቀጹን በራሱ ስለዘጋው የእናንተ መዝጊያ ባለቤት አጥቷል። ዩኤሉን ከአንቀጹ አውጡት። አይዲ ተደግሟል ካለ ደግሞ ምናልባት ሌብልና ኢንፑት ስትቀዱ አይዲውን አልቀየራችሁም። ሴክሽን ርዕስ የለውም የሚለው ማስጠንቀቂያ ወደ ደረጃ 5 ይመልሳችኋል።
4. *በጆሮ።* በዊንዶውስ ኤንቪዲኤ የተባለውን ነፃ ስክሪን አንባቢ ጫኑ፤ አብሮት የሚመጣው ኢስፒክ ኤንጂ የተባለ የድምፅ ፕሮግራም አማርኛ ያነባል። ድምፁ የማሽን ድምፅ ስለሆነ ለጥቂት ደቂቃ ጆሮ ይከብዳል። የኤች ቁልፍን ደጋግማችሁ ስትጫኑ ከርዕስ ወደ ርዕስ፣ የዲ ቁልፍን ስትጫኑ ከዋና ክፍል ወደ ዋና ክፍል ይዘላል። በአንድሮይድ ስልክ ቶክባክ፣ በማክ ቮይስኦቨር አለ።

በጆሮ ፍተሻው ላይ አማርኛው ጨርሶ ካልተነበበ መጀመሪያ የ«ላንግ» አትሪቢዩቱን ተመልከቱ፤ ትክክል ከሆነ በኤንቪዲኤ የድምፅ ቅንብር ውስጥ ቋንቋን በራሱ የመለወጥ ምርጫ መብራቱን አረጋግጡ። ርዕሶቹ ተነብበው ዋና ክፍሎቹ ካልተገኙ ሄደሩና ፉተሩ በስሕተት በአርቲክል ወይም በሴክሽን ውስጥ ገብተው እንደሆነ በደረጃ 4 ካለው አቀማመጥ ጋር አስተያዩ፤ ያልተዘጋ ሴክሽን ከሥሩ ያለውን ፉተር ውጦት ሊገኝ ይችላል።